በትንሽ በጀት የውሃ ውስጥ አትክልት ውድድር

እሷ፦ በመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ ድንጋይ፣ እንጨትና የውሃ ተክል አሰናድቶ መልክዓ ምድር መሥራት፣ ማለትም አኳስኬፒንግ፣ የራሱ ውድድሮች አሉት። ያለ ብዙ ገንዘብ ማዘጋጀት ይቻላል ትላለህ?

እሱ፦ እንዴታ! ገንዳው ከቤት አይነሳም፤ የሚላከው ፎቶው ነው። አሜሪካ ያለው የአኳቲክ ጋርድነርስ አሶሲዬሽን ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው በኢንተርኔት ነው። የጃፓናዊው ታካሺ አማኖ ኩባንያ በ2001 የጀመረው ውድድርም በፎቶ ይዳኛል።

እሷ፦ ታዲያ ያለችው ገንዘብ የት ትዋል?

እሱ፦ ሽልማት ላይ አላውላትም። ዳኞቹ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አስተያየት እንዲጽፉ አደርግባታለሁ። ተሸንፎ ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው በዓመቱ አይመለስም።

እሷ፦ እኔ ሽልማቱን አልንቀውም፤ አንድም ቢሆን ይኑር። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ፍትሕ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ገንዳ ከባለ 300 ሊትሩ ጋር ምን አገናኘው? በመጠን ይለዩ። ዳኞቹም የተወዳዳሪ ስም አይዩ።

እሱ፦ ልክ ነሽ። ፎቶውም ያልተነካካ ይሁን። ውድ ካሜራ አያሻም፦ መስታወቱ ከአልጌ ይጸዳ፣ የክፍሉ መብራት ጠፍቶ የገንዳው ብቻ ይብራ፤ ነጸብራቁ ይቀንሳል። ማጣሪያው ለጥቂት ደቂቃ ሲቆም ቅጠሎቹ መወዛወዝ ያቆማሉ፣ ፎቶውም ጥርት ይላል።

እሷ፦ ጊዜውስ?

እሱ፦ አጫጭሮቹ ተክሎች ተስፋፍተው መሬቱን እስኪሸፍኑ ወራት ይፈጃል። ቀኑን ቀድሞ ማሳወቅ ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

እሷ፦ እንግዲያው አዘጋጆች፣ ደንቡን አሁኑኑ አውጡ፤ ማስረከቢያውን ግን ቢያንስ 6 ወር አርቁት።