ቡናም ዘሩ ይቆጠርለት



በአገራችን ብዙ ቦታ ጋብቻ ሲታሰብ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዛሬ የምቆጥርላችሁ ከአገራቸው ርቀው የተገናኙ የአንድ ገበሬ ቤተሰብንና የአንድ ቡናን የዘር ሐረግ ነው።

ሩዶልፍ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ስዊድን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1967 ፓናማ ውስጥ ኤስሜራልዳ የተባለ እርሻ ገዛ። እርሻውን ልጁ፣ ቀጥሎም የልጅ ልጆቹ ያዙት።

ቡናውስ? በ1930ዎቹ ዘሩ ከእኛው ደቡብ ምዕራብ ከጌሻ ተለቅሞ ወጣ፤ በታንዛኒያ ሊያሙንጉ ምርምር ጣቢያ አልፎ በ1953 ኮስታሪካ ገባ፤ እዚያም «ቲ2722» ተብሎ ተመዘገበ። በ1960ዎቹ ፓናማ ደረሰ። የፒተርሰን ቤተሰብ ይህን ቡና ከሌላው ለይቶ ለቅሞ በ2004 ለውድድር ቢያቀርበው አንደኛ ወጣ፤ አንዱ ፓውንድ በጨረታ 21 ዶላር ተሸጠ።

ዘሩ የእኛ ነው፤ ዋጋውን ያገኘው ግን ለይቶ የያዘው ነው። በየጓሯችን ያለው ቡና ከየትኛው ጫካ እንደመጣ የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ዛሬ በመካከላችን አሉ። እነርሱ ሳያልፉ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ጠይቆ በመዝገብ ያስፍር፤ እሸቱንም ሳይቀላቅል ይረከብ።