ስለ ሙቀት መለኪያ



ጨርቅ በሜትር፣ እህል በኪሎ ይለካል። ሙቀትን ግን ሰው ለብዙ ዘመን በእጁ ዳስሶ «ሞቀ፣ ቀዘቀዘ» ከማለት በቀር መለኪያ አልነበረውም። እጅ ደግሞ ያታልላል። አንዱን እጃችንን በሙቅ፣ ሌላውን በቀዝቃዛ ውሃ አቈይተን ሁለቱንም ለብ ባለ ውሃ ብንነክር፤ አንዱ ቀዘቀዘኝ፣ ሌላው ሞቀኝ ይለናል። ስለዚህ የማያዳላ ዳኛ አስፈለገ፤ እርሱም ቴርሞሜትር ነው።

በዳንዚግ የተወለደው ፋራናይት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1714 የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ሠራ፤ በ1724ም መለኪያውን አሳተመ። በዚህ መለኪያ በረዶ በ32 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ውሃ በ212 ይፈላል። ስዊድናዊው ሴልሲየስ ደግሞ በ1742 በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ከመቶ ከፈለው። የሚያስገርመው፣ እርሱ ዜሮ ያለው የሚፈላውን ውሃ፣ መቶ ያለው በረዶውን ነበር፤ የተገለበጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሴንቲግሬድ ይባል የነበረውም በ1948 ሴልሲየስ ተባለ።

ይሁን እንጂ መቶ ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ያለ ውሃ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ 92 ገደማ ሲደርስ ይፈላል።

ብሪታኒያዊው ሊቅ ኬልቪን በ1848 ከዚህ የጠለቀ አሳብ አመጣ። ቅዝቃዜ መጨረሻ አለው፤ ይኸውም ከዜሮ በታች 273.15 ሴልሲየስ ነው። የኬልቪን ቍጥር ከዚያ ይጀምራል። ስለዚህ 20 ሴልሲየስ የ10 እጥፍ ሙቀት ነው ማለት ስሕተት ነው፤ በኬልቪን 293ና 283 ናቸውና።

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመናል? ብዙዎቹ ክትባቶች የሚቀመጡት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ነው። ጠባቂው «8 ዲግሪ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ማቀዝቀዣውን በፋራናይት 8 ላይ ቢያቆመው፣ ከዜሮ በታች 13 ሴልሲየስ ይሆናል። በረዶ ሲሆኑ የሚበላሹ ክትባቶች አሉና፣ ሕፃኑ ተወግቶም ሳይጠበቅ ይቀራል። እንዲሁም ሰውነቱ 100 ፋራናይት የሆነ ልጅ ትኵሳቱ ቀላል ነው፤ 40 ሴልሲየስ የሆነው ግን በቶሎ ሐኪም ያስፈልገዋል። ትልቁ ቍጥር ትንሹን ሙቀት ሊያመለክት ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፤ በደብተራችንም በቤታችንም የመለኪያውን ስም ሳንጠራ ቍጥሩን ብቻ አንጻፍ፣ አንናገርም። ከፋራናይት 32 ቀንሰን፣ በ5 አባዝተን ለ9 ብናካፍል ሴልሲየስን እናገኛለን። ይህን ትንሽ ሒሳብ የያዘ ተማሪ ለቤተ ሰቡ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል።