በማድቤታችን ስላለው የጋዝ ሲሊንደር

የሳይንስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ያሰሙት ንግግር



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጋዝ ሲሊንደር ለመናገር መነሣታችን አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ለበዓሉ አዘጋጅተን የነበረው ስለ ጨረቃ የሚናገር ጽሑፍ ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት የደረሰውን ስንሰማ ጨረቃን ለሌላ ጊዜ አቆየናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓደኛችን እናት ለሕፃኑ ወተት ሊያሞቁ ሌሊት ተነሥተው ወደ ማድቤት ሲገቡ አንድ ክፉ ሽታ ሸተታቸው። መብራት ሊያበሩ እጃቸውን ሲዘረጉ ልጃቸው «እማዬ፣ እንዳትነኪው!» ብሎ ጮኸ። የመብራት ማብሪያ ሲበራም ሆነ ሲጠፋ ትንሽ ብልጭታ ሊሰጥ እንደሚችል በክፍል ተምሮ ነበርና ነው። በጨለማ በሩንና መስኮቱን ከፍተው፣ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘግተው፣ ቤተ ሰቡ ሁሉ ወደ ግቢ ወጣ። ሲነጋ ቢያዩት የጋዙ ጎማ ተሰንጥቆ ኖሯል።

ያን ቤት ያዳነው ሽታው ነው ማለት ይቻላል። ፕሮፔንም ሆነ ቡቴን በተፈጥሮው ሽታ የለውም። እኛ የሚሸተን ለማስጠንቀቂያ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት ቅመም ነው፤ በብዙ አገር የሚጨመረውም ኤቲል መርካፕታን ይባላል። ይህ ደንብ እንዲጠብቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ በተማሪዎች ላይ የወረደ መከራ ነው። መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937፣ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ኒው ለንደን በምትባል ስፍራ፣ ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል ሥር ማንም ሳያውቅ ተጠራቅሞ ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ተማሪዎች ነበሩ። የቴክሳስ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት ሕግ አወጣ። ይህን ባነበብን ቀን ክበባችን ሌላ ሥራ አልሠራም።

አሁን ወደ ጠረጴዛው እንድትመለከቱ እንለምናለን። በዚህ ጆግ ውስጥ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ስንቀላቅል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ፈሳሹን ሳናፈስ ጆጉን በበራው ሻማ ላይ ብናዘነብለው፣ እነሆ፣ ሻማው ጠፋ። ከጆጉ የወረደውን ማንም በዓይኑ አላየውም፤ ነገር ግን እንደ ውሃ ቁልቁል ፈሰሰ። የዚህ ጋዝ የሞለኪውል ክብደት 44 ነው፤ የፕሮፔንም እንዲሁ 44 ነው፤ የአየር ግን በአማካይ 29 ነው። ቡቴን ደግሞ 58 ስለሆነ ከአየር እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ከአልጋ ሥር፣ ከጉድጓድና ከምድር ቤት ገብቶ ይተኛል። ልዩነታቸው ይኸኛው ሻማ ማጥፋቱ፣ ያኛው ግን ከሻማ መቀጣጠሉ ነው።

ሌባን ፈርቶ ሲሊንደሩን ከአልጋ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ይህን ያስብ። ቦታው ነፋስ የሚያገኘው፣ ፀሐይ የማይመታው የውጭ ጥላ ነው፤ ለሌባው ሰንሰለት ይበቃል። መቆም እንጂ መጋደም የለበትም፤ ከተጋደመ የደኅንነት መተንፈሻው በጋዝ ፈንታ ፈሳሹን ሊተፋ ይችላል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ደግሞ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከ250 ሊትር በላይ ይሆናል።

ስለ መሙላት ስንናገር ወላጆቻችንን ጥቂት መውቀሳችን ስለማይቀር ይቅርታ እንጠይቃለን። ሲሊንደር ሲያስሞላ «ገንዘቤን ከፍዬ ለምን ይጎድላል? እስከ አፉ ሙላው» የሚል ሰው አለ። ባዶው ቦታ ግን ስርቆት አይደለም። ፈሳሽ ፕሮፔን ሲሞቅ ከውሃ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ስለዚህ ከሲሊንደሩ ይዞታ ከመቶ 80 ያህሉ ብቻ ይሞላል። በጧት ብርድ እስከ አፉ የተሞላ ሲሊንደር በቀትር ፀሐይ ላይ ቢቆም ፈሳሹ መስፊያ ቦታ ያጣል፤ ብረቱንም ይገፋል። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በግቢያቸው ሥጋ የሚጠብሱበት ሲሊንደር ልኩ ሲደርስ መግቢያውን የሚዘጋ ተንሳፋፊ አለበት። ይህ በሌለበት ዳኛው ሚዛን ነው። ባዶው 14 ኪሎ፣ የሚይዘው ጋዝም 12 ኪሎ የሆነ ሲሊንደር በሚዛን ላይ ከ26 ኪሎ ማለፍ የለበትም፤ ከጎደለም መከራከር የሚቻለው በዚሁ ቍጥር ነው። ትልቁን ገልብጦ ለቡና ማፍያ ወደምትሆነው ትንሽ ሲሊንደር በቤት መቅዳት ግን ሚዛንም ልክም የሌለው ሥራ ነው፤ ፈጽሞ አይደረግ።

ማፍሰሱን ለማወቅ ክብሪት የሚጭር ሰው አለ ሲባል አላመንንም ነበር፤ ከመካከላችን ሁለቱ ግን በዓይናቸው አይተዋል። የሳሙና ውሃ በጎማውና በመጋጠሚያው ላይ ቀብቶ አረፋ መጠበቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ያ የተሰነጠቀው ጎማ በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ከሳሙና ውሃው አጠገብ ተቀምጧል። ስንጥቁ ከጥፍር አይበልጥም፤ ከሻይ በኋላ መጥታችሁ እዩት። ሲሊንደር ግን ማንም ይዞ እንዳይመጣ።