ስድስቱ ቁጥሮች



አዘጋጆቹ «ስለ ንግድ ትንሽ በለን» ሲሉኝ ትርፌን እንድነግራችሁ አስበው ይሆናል። እኔ የማወራው ስለ ኪሳራዬ ነው።

የአምባራስ ልጅ ነኝ፤ ሱቄ ደባርቅ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ሲጀመር ደስ ካላቸው አንዱ ነበርኩ፤ ለዘይትና ለስኳር ጥሬ ብር ቋጥሮ ጎንደር መውረድ ቀረልኝ።

አንድ ቀን የሱቁን ስልክ ለሠራተኛዬ ትቼ ለለቅሶ አምባራስ ሄድኩ። ልጁ በሰው ስልክ ደወለ፤ «ጋሼ፣ አከፋፋዩ ካልተከፈለኝ አላራግፍም አለ።» ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስድስቱን የሚስጥር ቁጥሮች ጮኬ ነገርኩት። ለቀስተኛው ሳይሰማ አልቀረም! ከዚያ ወዲያ ባለቤቴም፣ ወንድሟም አወቁት። ለሥራ ተመቸን።

ከሦስት ወር በኋላ ሒሳብ ሳመሳክር 18,500 ብር ለማላውቀው ሰው ተልኳል። ማን እንደላከው ግን ስልኩ አይናገርም። ልጁን ጠረጠርኩ። በእመቤቴ እያለ ማለልኝ፤ አላመንኩትም። አሰናበትኩት።

ከወራት በኋላ የባለቤቴ ወንድም በጨዋታ መሀል «ያኔ ለገብስ የከፈልኩትን ነግሬህ ነበር እንዴ?» አለኝ።

መጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ከሒሳባቸው በላይ ያወጡትን ታስታውሳላችሁ፤ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ ያልመለሱትን በስም ከነፎቶ ለጠፈ። ይህን የቻለው ሁሉም በየራሱ ሒሳብና በየራሱ ሚስጥር ቁጥር ስላወጣ ነው። ሚስጥር ቁጥር ፊርማ ነው። እኔ ፊርማዬን ለሦስት ሰው አድዬ፣ ያጠፋውን መለየት ቀርቶ ንጹሑን ነፃ ማውጣት አቃተኝ።

አሁን ሠራተኛዋ ለጥቃቅን ወጪ በራሷ ቴሌብር ትንሽ ብር ትቀበላለች፤ ማታ በደረሰኝ እንተሳሰባለን። ትልቁ ገንዘብ ባንክ ነው፤ የሚወጣውም በእኔና በባለቤቴ ጣምራ ፊርማ። አዎ፣ ያዘገያል። አንድ አከፋፋይ ተቆጥቶ ዕቃውን ይዞ ተመልሷል።

ደንበኛ ስልኩ ላይ «ተልኳል» የሚል ቢያሳይም ዕቃ አንሰጥም። የቴሌብር መልእክት ለእኛ ከ127 መምጣት አለበት፤ እሱም ቢመጣ ሠራተኛዋ የሱቁን ሒሳብ ከፍታ ታያለች። ኔትወርክ ከጠፋ ደንበኛው ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል፤ የሻዩን እኔ እከፍላለሁ።

ልጁን ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። «ግዴለም ጋሼ» አለኝ፤ ግን አልተመለሰም። ዳባት የራሱን ሱቅ ከፍቷል። ባለፈው ጎራ ብዬ፣ «ሚስጥር ቁጥርህን ለማንም እንዳትሰጥ» ብለው ሳቀብኝ፤ «ለእርስዎም ቢሆን አልነግርም።»