መሠረት ከመጣሉ በፊት አፈሩ ይመርመር

(ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ቀድሞ ፋብሪካ፣ ጋራዥ ወይም የነዳጅ ማከማቻ የነበረ ቦታ ለመዋዕለ ሕፃናት ወይም ለክሊኒክ ሲሰጠን ደስታችን ታላቅ ነው። ቦታው ከተማ መካከል ነው፤ መንገድና ውሃ አለው፤ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ዋጋው ለምን ዝቅ እንዳለ መጠየቅ ግን የእኛ ፈንታ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ሠራተኛው ይበተናል፤ መኪናው ይነቀላል፤ አፈሩ የጠጣው ነገር ግን እዚያው ይቀራል።

በአሜሪካ፣ በናያግራ ፎልስ ከተማ የሆነውን ተመልከቱ። ላቭ ካናል የተባለ፣ ተቆፍሮ ሳያልቅ የቀረ ቦይ ነበር። ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1953 ድረስ ወደ 21,000 ቶን የሚጠጋ የኬሚካል ዝቃጭ ቀበረበትና አፈር አለበሰው። በ1953 ቦታውን ለከተማው የትምህርት ቦርድ በ1 ዶላር አስተላለፈ። ኬሚካል መቀበሩ በውሉ ላይ ተጽፎ ነበር። ያም ሆኖ ትምህርት ቤት ተሠራበት፤ ዙሪያውም መኖሪያ ሆነ። መንገድና የፍሳሽ መስመር ሲቆፈር የሸክላ አፈሩ ክዳን ተነካ፤ የዝናብ ውሃ ገባ፤ መርዙም በየግቢውና ከቤቶቹ በታች ባሉ ክፍሎች ብቅ አለ። በ1978 ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጁ፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ቤታቸውን ለቀቁ። ጎረቤቶቿን አስተባብራ የተሟገተችው ሎይስ ጊብስ ልጇን በዚያ ትምህርት ቤት ታስተምር የነበረች እናት ናት። በ1979 የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናትም ነዋሪዎቹን የሚረዳ የጋራ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች የሚጸዱበት ሱፐርፈንድ የተባለው ሕግ የወጣው በ1980 ነው።

እንግዲህ ማስጠንቀቂያ በወረቀት መስፈሩ ብቻ ሕፃን አያድንም። አንባቢና አድራጊ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የቦታውን ታሪክ እንጠይቅ። ነህምያ ቅጥሩን ከመሥራቱ በፊት በሌሊት ዞሮ ፍርስራሹን አይቷል። እኛም የድሮ ሠራተኞችንና ጎረቤቶችን እንጠይቅ፦ ባትሪ የሚፈታው የት ነበር? የተቃጠለ ዘይት የሚደፋው የት ነበር? የቆዳ ማልፊያው ውሃ በየት ይወርድ ነበር? ሣር የማይበቅልበትን፣ የጠቆረውንና የሚሸተውን ቦታ ምልክት እናድርግበት።

ሁለተኛ፣ ናሙና ለላቦራቶሪ ይላክ። ከግቢው ሁሉ አፈር ሰብስቦ አንድ ላይ መቀላቀል አይበጅም፤ የከፋው ቦታ በደህናው ውስጥ ይደበቃልና። ከተጠረጠረው ቦታ ሁሉ ለየብቻ፣ ከላይም ከጥልቀትም ይወሰድ። ጉድጓድ ካለ ውሃውም ይመርመር።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ እንደ በሽታው ይሁን። ጉዳት የሚደርሰው መርዙ፣ መንገዱና ሰውየው ሲገናኙ ነው፤ ከሦስቱ አንዱን ብንቆርጥ አደጋው ይቀራል። ነዳጅና ዘይት የነካው አፈር እየተገላበጠ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ረቂቃን ሕዋሳት ይበሉታል። እርሳስና ክሮሚየም ግን ብረት ስለሆኑ በዘመን ብዛት አይበሰብሱም፤ ወይ ተቆፍረው ይወጣሉ፣ ወይም በንጹሕ አፈርና በኮንክሪት ይከደናሉ። በእርሳስ ነገር ቸል አንበል። ትንንሽ ልጆች አፈር የነካ እጃቸውን ወደ አፋቸው ይሰዳሉ፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

ሥራው የሚቻል መሆኑን ለንደን አሳይታለች። ለ2012ቱ ኦሊምፒክ የተመረጠው የስትራትፎርድ አካባቢ ለረጅም ዘመን የፋብሪካና የቆሻሻ መጣያ ስፍራ ነበር። በዚያ 2 ሚሊዮን ቶን ያህል አፈር ጸድቷል፤ አብዛኛውም እዚያው ተመልሶ አገልግሏል። ከዘዴዎቹ አንዱ አፈር ማጠብ ነው። መርዙ በብዛት የሚጣበቀው በደቃቁ ጭቃ ላይ ስለሆነ፣ በማጠቢያ መኪናው ጠጠሩና አሸዋው ታጥቦ ይለያል፤ የሚጣለው ጥቂቱ ዝቃጭ ይሆናል። የእኛ አጥቢያ እንዲህ ያለ መኪና የላትም፤ የአሠራሩ ትምህርት ግን ለእኛም ይሆናል፦ የከፋውን ከደህናው መለየት ወጪንም አደጋንም ይቀንሳል።

አራተኛ፣ የሚቆፍሩትን ሰዎች እናስብ። የቀን ሠራተኛው ጓንትና ቦት ጫማ ይሰጠው፤ አቧራው በውሃ ይርጠብ፤ ሳይታጠብ ምሳ አይብላ። በሥራ ልብሱም ወደ ልጆቹ አይግባ።

በመጨረሻም፣ የወጣው አፈር የት ይደርሳል? ገልባጭ መኪናው ሸራ ለብሶ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወደ ፈቀደው ቦታ ይሂድ። በሌሊት በድሆች ሰፈር ወንዝ ዳር የሚደፋ ከሆነ የእኛን ልጆች አድነን የጎረቤትን ልጆች መርዘናል ማለት ነው። ይህ ልማት አይባልም።

ስለዚህ የምርመራው ወጪ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ይግባ እንጂ ለትርፍ ገንዘብ አይቆይ። ደጋፊዎቻችንም ግድግዳ ሳይታይ ገንዘቡ አፈር ላይ ዋለ ብላችሁ አትዘኑ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነና ማጽዳቱ ከአቅማችን በላይ ከሆነ፣ ቦታውን በምስጋና መመለስ ሽንፈት አይደለም። የተሰጠን መሬት ብቻ አይደለም፤ በላዩ የሚጫወቱት ልጆችም አደራ ናቸው።