ከጎፋ እስከ መስቀል አደባባይ



ቅዳሜ፣ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለዳ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ ማዞሪያ አራት ጓደኛሞች በእግር ተነሣን። ጎተራን አልፈን ላንቻ ስንደርስ መንገዱ በሰው ሞልቷል። ባንዲራ የለበሰው ወጣት፣ ነጠላዋን ያጣፋችው እናት፣ አባቱ ትከሻ ላይ የተፈናጠጠው ሕፃን፣ ሁሉም ወደ መስቀል አደባባይ ይተማል። ሰልፉ የተጠራው አዲሱን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድን ለመደገፍ ነበር። እኛ አራታችን በፖለቲካ ተስማምተን አናውቅም፤ ያን ቀን ግን ተስፋችን አንድ ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንግግራቸውን እንደጨረሱ ቦምብ ፈነዳ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። በግርግሩ ተጠፋፋን። ተፈላልገን እስክንገናኝ ድረስ ልቤ ከቦታዋ አልነበረችም።

ከዚያ ቀን አንድ ነገር ከልቤ አልወጣም። ሰዎች የማያውቁትን ቁስለኛ ተሸክመው ሲሮጡ፣ ሌሎች ደም ለመስጠት ሲሰለፉ አየን። ለማን እንደሚሰጥ፣ ብሔሩ ምን እንደሆነ፣ የትኛውን ሃይማኖት እንደሚከተል ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ አገራችን ጦርነት አይታለች፤ የዚያን ቀን ተስፋም ክፉኛ ተፈትኗል። ስለ ፖለቲካው ዛሬም አራታችን እንከራከራለን። በአንዱ ግን አንለያይም፦ አገር መውደድ የሚለካው በመፈክር ጩኸት ሳይሆን፣ የወደቀውን ለማንሣት በሚዘረጋ እጅ ነው።

በሐሳብ ተለያይታችሁ የተኳረፋችሁት ወዳጅ ካለ፣ ዛሬ ደውሉለት። አገር የሚጀምረው ከዚያ ነው።