ስለ ዋንክል ሞተርና ስለ አንኮበር ዳገት



ፌሊክስ ዋንክል የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1964 በጀርመን መኪና ለገበያ የቀረበው ሞተር ፒስቶን የለውም፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት በውስጡ ይሽከረከራል።

ጉልበት የሚሹ ሰዎች የአየር መግቢያውን ቀዳዳ ሞርደው ያሰፉታል። በፍጥነት ሲዞር ይበረታል፤ በዝግታ ሲዞር ግን ይደክማል። ታዲያ ይህ ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በአንደኛ ማርሽ ዳገት ለሚወጣ ሰው ምን ይረባዋል? በዚያም ላይ በ2,800 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው።

እኔስ ቱርቦን እመርጣለሁ። የሞተሩ ጢስ ራሱ ማራገቢያ እያዞረ አየሩን አምቆ ያስገባለታል፤ ማዝዳም እ.ኤ.አ. በ1983 በአርኤክስ ሰባት ላይ እንዲሁ አድርጓል። ነገር ግን ቤንዚኑ ካነሰ በማዕዘኖቹ ጫፍ ያሉት ስስ ማኅተሞች ይሰበራሉ፤ ስለዚህ ቤንዚኑን ማብዛት፣ ራዲያተሩንም ማስፋት ይገባል። ዘይት መብላቱን ግን እንደ ነውር አትቁጠሩበት፤ ሲሠራ ጀምሮ እንዲሁ ነው።